ከእግር ሥር አልሄድ ያለው የእትዬ ይመኙሻል ውሻ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የሚያስነጥሰው አሁን ያስነጥስ፣ ውኃ የጠማው አሁን ይጠጣ፤ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ይቺ ተረት ደግሞ እየሄደች እየረዘመች የምትመጣ ናት፤ በኋላ ለምን ረዘመች ብላችሁ እኔን እንዳትቆጡኝ። ያስረዘሟት የዋንዛ ግርጌ ሰዎች ናቸው። እነሱን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ዋንዛ ግርጌ ቆላ ናት። ከላይ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲህ መንደር። ገደሉ ላይ ዝንጀሮ ይኖራል። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ መንጋው እንዳለ ነው የሚወርደው። የመጨረሻዋ ማሳ፣ ገደሉን የምትነካዋ፣ የእትዬ ይመኙሻል ናት። እትዬ ይመኙሻል ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አግብተው ሩቅ አገር የገቡባት፣ ከዚያች ማሳ ሌላ ምንም የሌላት ሴት ናት። ማሳዋ ከተበላች ዓመቱን ሙሉ የምትቀምሰው የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

ማማ ላይ ወጥታ በወንጭፍ ብትወረውር ዝንጀሮው ዞር ብሎ ያያትና መብላቱን ይቀጥላል። ዝንጀሮ ሴት ይንቃል፤ ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ውሻ ግን ይፈራል። አሮጌው ውሻዋ ክረምት ላይ ሞተባትና አንድ ቡችላ አሳደገች። ነብሮ አለችው። ነብሮ አደገ፣ ደረቱ ሰፋ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ለሥራ ደረሰ።

ደረሰ አልኩ እንጂ ከእግር ሥር መሄድ አያውቅም።

ዋንዛ ግርጌ ደግሞ ደንብ አላት። ወደ ማሳዎቹ የምትወስደው መንገድ አንዲት ጠባብ መንገድ ናት፤ ግራ ቀኟ የሰው ማሽላ ነው። ባለቤቱን ጥሎ ወደፊት የሚሮጥ ውሻ ፍየሉን ማሽላ ውስጥ ይበትናል፣ አገዳ ይሰብራል፣ የአንዱን ዝንጀሮ ወደ ሌላው ማሳ ይነዳል። በዚህ የተነሳ ሰው ከሰው ተፈናክቶ ያውቃል። ስለዚህ አዲስ ውሻ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በጎበዝ አለቃው ፊት ያቺን መንገድ ከባለቤቱ ተረከዝ ሳይለይ መሄድ አለበት። ከሄደ ማሳ ይገባል። ካልሄደ የዚያን ዓመት ደጅ ታስሮ ይከርማል። ጎበዝ አለቃው አያ ደምለው ናቸው፤ ለዘመድም ለባዳም አንድ ፊት ያላቸው ሽማግሌ። የዚያ ዓመት ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ይመኙሻል ማስተማር ጀመረች። ና ከእግሬ ሥር አለችው፤ አርባ እርምጃ ቀደማትና ዞሮ ጭራውን ቆላ። ጮኸችበት፤ ጨዋታ መስሎት ሌላ አርባ ጨመረ። በቂጣ አባበለችው፤ ቂጣውን ዋጠና ሄደ። በገመድ አሰረችው፤ ገመዱን በላው። ሌላ ገመድ አመጣች፤ እሱንም በላው። አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ማሽላዋ መሀል እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሲፈለፍል ከሩቅ ይታያታል። ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድም። ዝንጀሮው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ይበላል።

ብረት ነው የሚያስፈልገኝ አለች፤ ብረት አይበላ። ገበያው ሰኞ፣ ፈተናው ቅዳሜ። መንደሩ ውስጥ ሰንሰለት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፍየል አርቢው አያ ሽባባው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ነብሮ የሚሄዱበት ስለገባው ቀድሟት ደርሶ የሽባባውን ደጅ ሲያሸት አገኘችው።

ሽባባው ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል። ሰንሰለት አለኝ አለ፤ ግን የበረቱ በር ቋሚ ተሰብሯል፣ በሩን የያዘው ሰንሰለቱ ነው፣ ከፈታሁት አርባ ፍየል የሰው ማሽላ ውስጥ ገባ ማለት ነው አለ። ታዲያ አዲስ ቋሚ ቁረጥ አለችው። ምሳሬ አፉ ተሸርፎ ቀጥቃጩ ጫኔ ቤት ከወደቀ ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ምሳሬን አምጪና ሰንሰለቱን ውሰጂ አለ። ይሄን ሁሉ ሲል ሸንኮራውን አላቋረጠም። ሁለት ሳምንት! እኔ ብሆን ሸንኮራውን ነበር የምቀማው።

እትዬ ይመኙሻል አንድ አመል አላት። ስትናደድ ሁሉንም ተናግራ አትወጣም፤ ዋናው ቃል የሚመጣላት መንገድ ላይ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች መጣላት። ተመለሰችና፣ አባትህ የጎረቤት ውሻ ቀርቶ የጎረቤት ድመት እንኳ የሚረዳ ሰው ነበር አለችው። እንደገና ወጣች። ነብሮ ይሄኔ ርቆ ሄዶ ነበርና ዞሮ ሲያይ የለችም፤ ምላሱን አውጥቶ እየሮጠ ተመለሰ። እሷ ውሻውን አላየችውም። ዓይኗ ከንዴት ሌላ የሚያየው አልነበረም።

ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድም፣ ሰንሰለት የለማ። ሽባባው ሰንሰለቱን አይፈታም፣ ምሳር የለማ። ዝንጀሮው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ይበላል።

ጫኔ ቤት ሄደች። ነብሮም ወደዚያ ቀደማት። ጫኔ ወናፉን አጣጥፎ ተንተርሶታል። ምሳሩ አለ፣ መዶሻው አለ፣ ክንዱም አለ፤ ከሰል የለም። ይሄ መንደር እኔን የሚያስታውሰው ብረቱ ሲሰበርበት ብቻ ነው ብሎ ማማረር ጀመረ፤ ሰርግ ላይ ማን ጠራኝ፣ ስታመም ማን ጠየቀኝ። እሷ የመጣችው ለምሳር ነው፤ እሱ የሦስት ዓመት ቂሙን ይዘረዝርላታል። በመጨረሻ ምሳሩን በምን ላግለው፣ በምራቄ ነው ወይ አላት። ከሰል ከአዛለች ቤት አምጪና እዚሁ ቁጭ እንዳልሽ እቀጠቅጥልሻለሁ አለ።

ወጣች። ዋናው ቃል መንገዱ ዳር ያለው ዋርካ ጋ ስትደርስ መጣላት። ነብሮ ዋርካውን አልፎ ወርዶ ነበር። እሷ ዞረች፤ እሱም ዞሮ ሮጠ። ጫኔን፣ ምራቅህ እንኳን ብረት ቂጣ አያርስም ብላው ተመለሰች። ዋርካው ጋ ስትደርስ ሌላ ቃል ደግሞ መጣላት፤ እንደገና ዞረች። ነብሮ እንደገና ዞሮ ሮጠ። በዚያ ፀሐይ!

ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድም፣ ሰንሰለት የለማ። ሽባባው ሰንሰለቱን አይፈታም፣ ምሳር የለማ። ጫኔ ምሳሩን አይቀጠቅጥም፣ ከሰል የለማ። ዝንጀሮው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ይበላል።

ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ ከማሳዋ ጠርዝ አንድ ትልም ሙሉ አገዳው ብቻ ቆሟል። በቀጥታ እትዬ አዛለች ቤት ሄደች። አዛለች ከሰል የምታከስል፣ ደግ ልብ ያላት ግን አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ከሰሉ አለ አለቻት፣ ሦስት ኩንታል፣ ጥቁርና ደረቅ፣ እንደ ብርጭቆ የሚጮህ፤ ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ወገቤን አይተሽዋል አለች። ባለፈው ግማሽ ኩንታል ተሸክሜ መጥቼ ስምንት ቀን ጎንበስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ልጆቹ እማማ ምን ጠፍቶሽ ነው መሬት የምታዪው ሲሉኝ ከረሙ አለች። ከዚያ ስለ ወገቧ፣ ከዚያ ስለ ባሏ ወገብ፣ ከዚያ ስለ ባሏ እናት። እትዬ ይመኙሻል ቆማ ስታዳምጥ ዝንጀሮው ሲፈለፍል የሚሰማት ይመስላታል። የአንለይን አህያ ይዘሽልኝ ነይ፣ ከሰሉን ዛሬውኑ አሻግረዋለሁ አለች አዛለች በስተመጨረሻ።

ነብሮ ይሄኔ በሩ ላይ ነው የሚጠብቃት። እንደ ትናንቱ ርቆ አልሄደም። ትናንት የቀደመው ሁሉ ከንቱ ሆኖበታል፤ ወደዚህ ሲላት ወደዚያ፣ ወደዚያ ሲላት ወደዚህ። ሃያ እርምጃ ብቻ ቀድሞ ሄደና ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ለአዛለች ያልተናገረችው ትዝ ብሏት ተመልሳለች። በእሱ ቤት እብድ ናት የያዘችው። እውነቱን ነው፤ የዚያን ዕለት እብድ ነበረች፤ ያሳበዷትም እነዚህ ናቸው።

ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድም፣ ሰንሰለት የለማ። ሽባባው ሰንሰለቱን አይፈታም፣ ምሳር የለማ። ጫኔ ምሳሩን አይቀጠቅጥም፣ ከሰል የለማ። አዛለች ከሰሉን አታመጣም፣ አህያ የለማ። ዝንጀሮው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ይበላል።

አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙ፤ ሁሉንም የሚበልጠው ይሄ ነው። አያ አንለይ አህያ አለው። ሥራ ፈትታ ግቢው ውስጥ የቆመች፣ ገለባ የጠገበች፣ ሆዷ የተነፋ አህያ። እትዬ ይመኙሻል በትሕትና ጀመረች፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ እንደምን አደርክ፣ ከብቱስ ደህና ነው፣ ልጆቹስ አለች። አንለይ ሁሉም ደህና ነው፣ አህያዬ ብቻ ደህና አይደለችም አለ። ምን ሆነች? ባለፈው ሳምንት ያንቺ ውሻ ከነጭነቷ ወንዝ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንገድ ላይ ውሻ ቀድሞ ሲመጣ ካየች እግሯ ይተሳሰራል። ስለዚህ ውሳኔዬ አንድ ነው አለ፤ ያንቺ ውሻ ከእግርሽ ሥር መሄድ እስኪለምድ ድረስ አህያዬ ከዚህ በር አትወጣም።

እትዬ ይመኙሻል መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። ከዚያ ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሷን የሚያውቅ ሰው ይሄኔ ነው የሚሸሸው።

«አንለይ፣ ስማኝ» አለች። «ውሻዬ ከእግሬ ሥር የማይሄደው ሰንሰለት አጥቼ ነው። ሰንሰለቱን ሽባባው የማይፈታው ምሳር አጥቶ ነው። ምሳሩን ጫኔ የማይቀጠቅጠው ከሰል አጥቶ ነው። ከሰሉን አዛለች የማታመጣው አህያ አጥታ ነው። አህያዋን ያጣችው አንተ ስለማትሰጥ ነው። አንተ የማትሰጠው ደግሞ ውሻዬ ከእግሬ ሥር ስለማይሄድ ነው። እኔ በየት በኩል ልግባ?»

አንለይ አገጩን አከከ። ብዙ አሰበ።

«እሱን እንግዲህ አንቺ እወቂው» አለ።

እሱን እንግዲህ አንቺ እወቂው! ሰው እንዲህ ይባላል? እሷማ የወጣችበትን በር አታውቀውም፤ መንገድ ላይ ነው ራሷን ያገኘችው።

ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድም፣ ሰንሰለት የለማ። ሽባባው ሰንሰለቱን አይፈታም፣ ምሳር የለማ። ጫኔ ምሳሩን አይቀጠቅጥም፣ ከሰል የለማ። አዛለች ከሰሉን አታመጣም፣ አህያ የለማ። አንለይ አህያዋን አይሰጥም፣ ነብሮ ከእግር ሥር አይሄድማ። ዝንጀሮው ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ይበላል።

ዓርብ ዕለት ሁለተኛው ትልም ተበልቶ አደረ፤ ሦስተኛውም ተጀምሯል። ከዚህ በኋላ እትዬ ይመኙሻል የምትለምነው ነገር አልቆባት ነበር። የቀራት መናገር ብቻ ነው። የአራቱም ቤት በአንድ መንገድ ዳር ነው፤ ጠዋት ከአንዱ ጫፍ ጀመረች። ሽባባውን በሰንሰለቱ ተቆጣችው፤ ሽባባው ጫኔ ነው ጥፋተኛው አለ። ጫኔ ጋ ሄደች፤ ጫኔ አዛለች ናት አለ። አዛለች ጋ ሄደች፤ አዛለች አንለይ ነው አለች። አንለይ ውሻሽ ነው አለ። ሽባባው ጋ ተመለሰች፤ የረሳችው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የአንለይ መልስ ትዝ አላትና ዞረች። ሦስት እርምጃ ሄዳ የጫኔ ምራቅ ትዝ አላት፤ ዞረች። ሰው ሁሉ በራፉ ላይ ወጥቶ ያያት ጀመር። አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ!

ነብሮ ጠዋት አሥር እርምጃ ቀድሟት ይሄድ ነበር። ዞረች፤ ዞረ። አምስት እርምጃ አደረገው። ዞረች፤ ዞረ። ቀኝ ሄደ፤ እሷ ግራ። ወደፊት ሄደ፤ እሷ ወደኋላ። መቼ እንደምትዞር የሚነግረው ነገር ቢፈልግ እግሯን አገኘ። ተረከዟ ሲዞር እሷ ትዞራለች። ስለዚህ ዓይኑን ተረከዟ ላይ ተከለ። አፍንጫውን ከቀሚሷ ጠርዝ አጠጋ። ቆመች፤ ቆመ። ሄደች፤ ሄደ። ዞረች፤ አብሯት ዞረ፤ አንዲት እርምጃ ሳያተርፍ። እሷ ምኑንም አታይም፤ አፏን ሞልታ እየተናገረች ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንለይ በር ደረሰች። ሁሉንም ተናገረችው፤ ወጣች፤ ዞረች፤ ደገመችለት፤ ወጣች፤ ዞረች። አንለይ ግን አፉን ከፍቶ ወደታች ያያል። አህያዋም በበሩ አጥር ላይ አንገቷን አውጥታ ወደታች ታያለች። አልሸሸችም።

«እትዬ ይመኙሻል» አለ አንለይ ቀስ ብሎ። «እስቲ እግርሽን እዪ።»

አየች። ነብሮ ከተረከዟ ሥር ቆሟል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች፤ አንድ እርምጃ ሄደ። ወደኋላ አለች፤ ወደኋላ አለ። በመንገዱ ርዝመት ሄዳ ተመለሰች፤ እንደ ጥላ ተከተላት። ትደሰታለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልተደሰተችም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስትለምን የነበረችው ነገር ማንም ሳይሰጣት ከእግሯ ሥር ተገኘ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የባሰባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ የንዴት ለቅሶ ነው። ነብሮ ቀሚሷን አሸተተና ቁጭ አለ።

ከዚያማ ነገሩ ተተረተረ። ነብሮ ከእግር ሥር ሄደ። አንለይ አህያዋን ሰጠ፣ ነብሮ ከእግር ሥር ሄዷላ። አዛለች ከሰሉን አሻገረች፣ አህያ ተገኝቷላ። ጫኔ ምሳሩን ቀጠቀጠ፣ ከሰል መጥቷላ። ሽባባው ቋሚውን ቆረጠ፣ ምሳር ተቀጥቅጧላ። በሩ በቋሚው ቆመ፣ ሰንሰለቱም ተፈታ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽባባው ሰንሰለቱን በትከሻው አንጠልጥሎ እያንጓጓ እትዬ ይመኙሻል ቤት መጣ። እንኪ አላት፣ ውሻሽ ከእግርሽ ሥር እንዲሄድልሽ።

ሰንሰለቱን አየች። እግሯ ላይ የተኛውን ነብሮን አየች። ሽባባውን አየች። ሰንሰለቱን ተቀብላ በሩን ዘጋች። ዋናው ቃል ሲመጣላት በሩን ከፍታ ወጣች፤ ነብሮም ከተረከዟ ሥር ወጣ፤ ሽባባው ግን ይሄን አመሏን ስለሚያውቅ በሩጫ ነበር የሄደው።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ እንዳለ መንገዱ ዳር ቆመ። አያ ደምለው ምርኩዛቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡ። እትዬ ይመኙሻል ሄደች። ፍየል አቋረጣቸው፤ ነብሮ ተረከዟን አየ። ዶሮ ተንጫጫች፤ ተረከዟን አየ። የአንለይ አህያ ጆሮዋን አቁማ አለፈችው፤ ተረከዟን አየ። የመንገዱ ጫፍ ደርሰው ዞሩ። አያ ደምለው በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ውሻ አላየሁም አሉ። ማን አስተማረው ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ ነው የሰው ጉድ የሚታየው። ሽባባው እኔ ነኝ ሰንሰለቱን የሰጠሁት አለ። ጫኔ ሰንሰለቱ የተፈታው በእኔ ምሳር ነው አለ። አዛለች ምሳሩ የተቀጠቀጠው በእኔ ከሰል ነው አለች። አንለይ ከሰሉ የመጣው በእኔ አህያ ነው አለ። አራቱም ደረታቸውን ነፍተው ተሰለፉ። አያ ደምለው ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞሩ።

«እውነታቸውን ነው፣ አያ» አለች። «አራቱም አስተምረውታል። እምቢ እያሉ ነው ያስተማሩት። አንዱ እንኳ እሺ ቢለኝ ኖሮ ይሄ ውሻ እስከ ዛሬ ይቀድመኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አያ ደምለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ግቢ አሏት። መንደሩም ተከትሏት ወደ ማሳዋ ወረደ።

ማሳዋ ጠርዝ ስትደርስ ዝንጀሮው መሀል ተቀምጧል፤ መንጋውም ከነግልገሉ። አራተኛው ትልም ላይ ደርሰዋል። ሰው ሲመጣ ቀና ብለው አይተው መብላታቸውን ቀጠሉ። እትዬ ይመኙሻል በእጇ ወደ መንጋው እያመለከተች፣ በል ነብሮ፣ ሂድ አለች።

ነብሮ ተረከዟን አየ።

ሂድ አለችው፤ አልሄደም። ገፋችው፤ ተመልሶ ተጠጋት። ድንጋይ ወረወረችለት፤ ድንጋዩን በዓይኑ ሸኘውና ተረከዟን አየ። ሦስት ቀን አታድርግ የተባለውን እኮ ነው አሁን አድርግ የምትለው። አንድ ትልም ጨረሰና ዝንጀሮው ወደሚቀጥለው ተሻገረ። ከኋላዋ መጀመሪያ አንለይ ሳቀ፤ ከዚያ ጫኔ፤ ከዚያ ሽባባው፤ ከዚያ አዛለች ወገቧን ይዛ።

ነገሩን የጨረሰችው ያቺ ሳቅ ናት። እትዬ ይመኙሻል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ሮጠች። ወደ ሰዎቹ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ዝንጀሮው። ከረቡዕ ጀምሮ ሳትናገረው የቀረውን ሁሉ እየተናገረች፤ የሸንኮራውን፣ የምራቁን፣ የወገቡን፣ የአንቺ እወቂውን ሁሉ እየጮኸች አገዳውን ሰንጥቃ ገባች። ነብሮ ታዲያ ምን ያድርግ? ተረከዟ ሮጠ፤ አብሮ ሮጠ። እሷ ስትጮህ እሱም ጮኸ። ዝንጀሮው በዕድሜው ብዙ ሴት አይቷል፣ ብዙ ውሻም አይቷል፤ አራት እጥፍ የሚጮህ አንድ ነገር በስድስት እግር ሲመጣበት ግን አይቶ አያውቅም። የያዘውን የማሽላ ራስ ጣለ። መንጋው ግልገሉን በጀርባው እያዘለ ገደሉን ወጣ፤ ያን ዓመት አልተመለሰም። እትዬ ይመኙሻል ከአራት ትልም በቀር ማሽላዋን ሰብስባ ጎተራዋን ሞላች።

ከዚያ ወዲህ ዋንዛ ግርጌ ውስጥ ዝንጀሮ የወረደበት ሰው ሁሉ እሷ ቤት ይመጣል። ውሻውን አውሺኝ ይላታል። ውሻው ብቻውን አይሄድም፣ እኔን ነው መዋስ ያለብህ ትላለች። እሷን ለማስሮጥ ደግሞ መጀመሪያ ማናደድ ያስፈልጋል፤ ማናደዱ እንኳ በዚያ መንደር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።